ገና የሚጫወት የጠፋበት ዓመት

እኔን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሳቂታ ነው ይለኛል። ምን ላድርግ? ራሴ ላይ አንድ ፀጉር የለም፣ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ሊፍት ውስጥ ይገባል፣ ግራ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ተሠርቶ የማይስቅ ሰው ካለ እሱ ታሟል። በዚያ ዓመት ግን ሳቄ ጠፋ። የኮሌጃችንን ወጣት ተመራቂዎች ጠላኋቸው። የቀልድ አይደለም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የጠላኋቸው። እዚህ ሳውዲ፣ ኾበር ከተማ መንገድ ላይ አንዱ በመኪናው ከጎኔ ሲቆም እንኳ መስታወቴን ዘግቼ ወደ ፊት ወደ ፊት ነበር የማየው።

የጠላኋቸው ገና መጫወት ስለተዉ ነው።

ኮሌጃችን ያለው አገር ቤት፣ ብርዳም ደጋ ላይ ነው። በየዓመቱ የገና ሰሞን፣ ላይ ቤትና ታች ቤት፣ ማለትም ከመንገዱ በላይ ያሉት ዶርሞችና ከመንገዱ በታች ያሉት፣ ሜዳ ወጥተን እንጋጠም ነበር። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘህ፣ ከቆዳ የተሰፋችውን ሩር እየለጋህ፣ በተጋጣሚህ ጫፍ ማስወጣት ነው። ስታስወጣ ደግሞ የተሸነፈውን በግጥም መስደብ ነው። ዲኑ ይሰደባል፣ መምህሩ ይሰደባል፣ የካፌው ኃላፊማ በተለይ ይሰደባል። የገና ዕለት ጌታ አይቆጣም፤ ሕጉ ነው። እኔ ኾበር አንድ ሆስፒታል ውስጥ የተበላሸ ማሽን እጠግናለሁ፤ እዚያ ያለ አንድ ካናዳዊ ሐኪም ቪዲዮውን ሳሳየው፣ "ይሄማ ሆኪ ነው" አለኝ። "አዎ ዶክተር፣ እናንተ በረዶ ጨመራችሁበት እንጂ" አልኩት።

ጨዋታውን ወደዚህ አገር ያመጣው አንድ ሰው ነው። ከእኛ ሁሉ ቀድሞ የተመረቀ የወሎ ሰው፣ በደማም ኢንዱስትሪ ከተማ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን። ሁለት ጊዜ ሐጅ ያደረገ ሰው ነው። ግን ሃያ አራት የወይራ የገና ዱላ ከአገር ተሸክሞ ያመጣው እሱ ስለሆነ "የገና አባት" አልነው። "አንድን ሙስሊም ሽማግሌ እዚህ አገር ላይ የገና አባት ስትሉ አታፍሩም?" ይላል፤ በሌላ ስም ብትጠራው ግን ዞሮ አያይህም። ደማም ኤርፖርት ላይ ጉምሩኮች ዱላዎቹን ይዘውበት፣ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲሉት፣ "ምርኩዝ ነው" አለ።

"ሃያ አራት?"

"ቤተሰባችን ውስጥ አንካሳ ይበዛል።"

አሳለፉት።

መጀመሪያ ሰሞን ሜዳው ይሞላ ነበር። ራካ ሰፈር ጀርባ ካለው ባዶ መሬት ላይ፣ ፓኪስታኖቹ ክሪኬታቸውን ጨርሰው ሲለቁልን፣ ከጁምዓ በኋላ እስከ መግሪብ። ከኢንዱስትሪ ከተማው በካምፓኒ አውቶቡስ የሚመጡ ነበሩ። ከማዳሞቻቸው አስፈቅደው የሚመጡ ሴቶች ነበሩ፤ ኮሌጃችንን በስም እንኳ አያውቁትም፣ ስድቡን ሊሰሙ ነው የሚመጡት። ለአንዷ የስድብ ግጥም ደገምኩላት፤ "ወንድሜ፣ ዓመቱን ሙሉ በዓረብኛ ስሰደብ ከርሜ አንድ ቀን በአማርኛ ስሰማ እንዴት ደስ ይላል መሰለህ" ብላኛለች።

ከዚያ መሳሳት ጀመረ። ሳቄ ከጠፋበት ዓመት በፊት በነበረው ገና ሰባት ሰው መጣ። ከሰባቱ ሁለቱ ኾበር የሚያደርሳቸው መኪና ፈልገው ነው። አንዱ የዕድር ስብሰባ መስሎት ነው፤ ዱላ ስንሰጠው ደነገጠ። አራት ሰው ሆነን ሩሯን እየተቀባበልን ስንዞር ፓኪስታኖቹ አዘኑልንና ሰው እናበድራችሁ አሉን።

ታዲያ ሳቄ በጠፋበት ዓመት፣ ገና ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ የገና አባት ደማም ጀለዊያ ሰፈር ካለው ቤቱ ጠራኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ አልጋው ሥር ዱላዎቹ በጆንያ ተጠቅልለዋል።

"ኹሩጄ ተመታ" አለኝ። የመጨረሻ መውጫ ቪዛው ማለቱ ነው። "ስድሳ ሞላህ አሉኝ። የመኖሪያ ኢቃማዬን አያድሱም፣ ኸላስ። ገና ባለፈ በሳምንቱ እበራለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ በል፣ አገርህ ልትገባ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ላይ ቤት፣ ታች ቤት፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ። አንድ ቀን። ከዚያ ዱላዎቹን ለአንድ ወጣት አስረክቤ እሄዳለሁ።"

"የሚረከብ ወጣት ባይገኝስ?"

"ባይገኝማ የባላዲያ ቆሻሻ ገንዳ አለ። ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ እንጨት ተሸክሜ ኤርፖርት ላይ ሁለተኛ አንካሳ አልሆንም።"

ሲስቅ አየሁት፤ ግን እጁ ጆንያውን እየዳበሰ ነበር። ያኔ አፌ እንደ ልማዱ ከራሴ ቀደመ። "ሃያ ሁለት ሰው ባላመጣልህ..." ብዬ የምምልበት ነገር ስፈልግ፣ "በፀጉርህ ብቻ እንዳትምል" አለኝ። በእናቴ ማልኩ። እናቴ ደግሞ በሕይወት አለች።

መጀመሪያ በኮሌጃችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። ቦታው፣ ቀኑ፣ የገና አባት የመጨረሻው እንደሆነ። አርባ ሰው አየው። አንዱ አውራ ጣት ላከ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ አነሳው። ተናደድኩና ደግሜ ጻፍኩ፦ የዘንድሮ ወጣት ሞባይል ሲነካካ አውራ ጣቱ ብቻ ነው የወፈረው፣ ዱላ ቢሰጡት ሰልፊ ማንሻ ነው የሚመስለው፣ ጂም ገብቶ ያሳበጠው ክንድ የወሎ ሽማግሌ የሚይዘውን እንጨት አይሸከምም አልኩ። ሁለት ሰው ግሩፑን ለቆ ወጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አንብበውታል።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ኾበር ኮርኒሽ ላይ ወደሚሰበሰቡበት ካፌ ሄድኩ። ስድስት ናቸው። መሃላቸው የተቀመጠችው ፋርማሲስት ናት፤ የደም ግፊት መድኃኒት እየሰጠች በምላሷ የደም ግፊት የምታስይዝ። ወንበር የሳበልኝ የለም። ከሌላ ጠረጴዛ ጎትቼ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ስቀመጥበት ጮኸ፣ እነሱ ሳቁ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ማንን ልትሰድብ ነው የመጣኸው?" አለች።

"ጨዋታ ልነግራችሁ ነው።"

"አይተናል። አውራ ጣታም ያልከንንም አይተናል።"

"ቀልድ እኮ ነው።"

"አዎ፣ ካንተ አፍ ሲወጣ ሁሌም ቀልድ ነው።"

ከጎኗ አንድ ጺማም ኢንጂነር አለ፤ የሚሠራው ዘይት ቦታ ነው፣ ጺሙም የሚያብረቀርቀው ከዚያው ሳይቀዳ አይቀርም። "ጋሼ፣ አርብ እኮ የምንተኛበት ቀን ነው" አለኝ።

"ስትሞት ትተኛለህ።"

"እሺ፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል እንሂድ።"

ጠረጴዛው ሙሉ ፈነዳ። እኔ ሰው ሲስቅ አብሬ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን አልቻልኩም። ተነሳሁና የሆዴን ሁሉ አወረድኩት። ኮሌጁ አስተምሯችሁ ኮሌጁን ረሳችሁት፣ ዩኒፎርም ለብሳችሁ ሰው መሰላችሁ፣ አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን ለመናችሁ ለእሱ እንኳ ሁለት ሰዓት የላችሁም... ካፌው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። አስተናጋጁ "ሙሽኪላ አለ?" ብሎ መጣ። "ማፊ ሙሽኪላ" አለችው ፋርማሲስቷ፣ ችግር የለም ብላ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ኮሌጁን አልረሳነውም። ጨዋታውንም አልረሳነውም። የተውነው አንተን ነው።"

"እኔን?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ አልገባህም? ነርሱን ሂድና ጠይቀው። እሱ ከመጣ ሁላችንም እንመጣለን። እሱ ካልመጣ ኸላስ፣ የእናቴ ልጅ ነህ ብትለኝም አልመጣም።"

ነርሱ ያለችው የእነሱ ባች ልጅ ነው። ወደ መኪናዬ ስመለስ ነው የገባኝ። እንዲያውም ገብቶኝ ነበር፤ እንዲገባኝ ስላልፈለግኩ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጁ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ነርሲንግ ቢማርም የዚህን አገር የፈቃድ ፈተና ማለፍ ነበረበት፤ ወደቀ። አንድ ቀን የጥገና ክፍሌ ገብቶ በሩን ዘጋና፣ "ጋሼ፣ ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ" አለኝ። አባቱ እየደጋገመ ሲጠይቀው ጨንቆት አልፌያለሁ ብሎታል። አባትየው በግ አርዶ ሰፈሩን ጋብዟል። እንግዲህ አባቱ ሳይሰማ እንደገና ተፈትኖ ማለፍ አለበት፤ የፈተና መጽሐፍ ያለው ሰው ታውቃለህ ወይ ነው ጥያቄው። አውቃለሁ አልኩ። እውነትም አገኘሁለት፤ ክፉ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ ገና መጣ። እሱ ላይ ቤት፣ እኔ ታች ቤት። ሩሯን እያንቀረቀበ ሦስት ሰው አልፎ ወደ እኔ ሲመጣ ግጥም መጣልኝ። እኔ ግጥም ሲመጣብኝ ሽንት እንደያዘው ሰው ነኝ፤ መቆጣጠር አልችልም።

አልፌያለሁ ብሎ በግ ያሳረደው፣
ሩሯን በምን ይምታት ብዕር የከበደው!

ሜዳው ተናወጠ። ሰው ሆዱን ይዞ ወደቀ። ልጁም ፈገግ አለ። ሩሯን ሳታት፣ ጨዋታውን ግን እስከ መጨረሻው ተጫወተ፣ ዱላውን ለገና አባት መለሰና እኔ ጋ መጥቶ "አመሰግናለሁ ጋሼ" አለኝ። እኔ ደደቡ ስለ ግጥሙ ያመሰገነኝ መሰለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያችን ግጥም በየደረስኩበት እየደገምኩ አስቄባታለሁ።

በማግስቱ እሱ ወደሚሠራበት የደማም ሆስፒታል ሄጄ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኩት። ከሥራ ወጣ። ሰማያዊ የሥራ ልብስ፣ ደረቱ ላይ ካርድ። ሲያየኝ አልቆመም፤ ከኋላው ተከተልኩት።

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"ሰው አንሶህ ነው የመጣኸው።"

"ሁለቱም ነው።"

"የቱ ይቀድማል?"

መኪናውን ከፍቶ ቦርሳውን ወረወረና በሩን እንደያዘ ቆመ። አፌ ደግሞ ዝም ማለት አያውቅም፦ "ገና እኮ ነው፣ አንተም ታውቃለህ። የገና ስድብ ጌታም አይቆጣበትም።"

ያኔ ዞሮ አየኝ። "ጌታው ማን ነበር ጋሼ? አንተ ሃምሳ ዓመትህ፣ ኢቃማህ የታደሰ፣ ሐኪም በስምህ የሚጠራህ። እኔ ካፊሌ መቼ ያባርረኝ ይሆን እያልኩ የምተኛ። ጢሰኛው ጌታውን ይሰድባል፣ ጌታው ያን ቀን አይቆጣም። ገና ይሄ ነው። ጌታው ጢሰኛውን ከሰደበውማ አዘቦት ነው፤ እሱን በየቀኑ እናገኘዋለን።"

ኮሌጅ አራት ዓመት ተምሬ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ተጫውቼ፣ ይሄን የነገረኝ ሰው የለም።

"አባቴ በአጎቴ ልጅ በኩል ሰማ" አለ። "እዚያ ሜዳ ላይ ነበር ልጁ። አባቴ አልተቆጣኝም። በግ ያረደላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረ ነው የነገራቸው።"

መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

"ለሽማግሌው ስንል እንመጣለን። ለአንተ አይደለም። ግን አንተ ሜዳው ላይ ትኖራለህ፣ ስንሰድብህ አንዲት ቃል አትመልስም። የተቆጣህ ጊዜ ዱላችንን ጥለን እንሄዳለን። ሽማግሌው ይሄን አያውቅም፣ አትነግረውም።"

ተስማማሁ። እየነዳሁ ስመለስ በሆዴ ሳቅኩ እንኳ። ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ስሰድብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እነዚህ የትናንት ልጆች ምን አዲስ ነገር ሊያመጡብኝ ነው?

የገና አርብ ከባሕር የሚመጣ ንፋስ ነበር፣ አሸዋው ቁርጭምጭሚት ይገርፋል። መኪኖቹ ተራ በተራ መጡ። ጺማሙ መጣ፣ ፋርማሲስቷ ከሦስት ሴቶች ጋር መጥታ ጠርዝ ላይ ቆመች፣ ነርሱ መጣ። ከእኔና ከገና አባት ጋር ሃያ ሁለት ተጫዋች። ሽማግሌው ቱታውን ካልሲው ውስጥ ከትቶ፣ ጆንያውን ተሸክሞ ቆሞ ሰው ይቆጥራል። ሁለቴ ቆጠረ። "ማሻአላህ" አለ። ከዚያ አፍንጫውን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገና፣ "ንፋስ ነው" አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ከሃያ አራቱ ዱላ ሦስቱ ባለፉት ዓመታት ተሰብረው ሃያ አንድ ቀርተዋል። ለእኔ የደረሰኝ የገና አባት ከፋብሪካው ያመጣው ጫፉ የታጠፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ከዚያ ጀምረው ቢስቁ አልገረመኝም።

ጨዋታው ተጀመረ። ላይ ቤት ሩሯን ከጅምሩ አስወጡብን፤ በእኔ በኩል ነው ያለፈችው። ጺማሙ ዱላውን ከፍ አድርጎ ግጥም አወጣ፣ ሴቶቹ ተቀበሉ፦

ሆዱ ቀድሞት ገብቶ እሱ ኋላ ይመጣል፣
ሩሯ እንዳታልፈው በር ሆኖ ይቀመጣል!

ሳቅኩ። ጥሩ ግጥም ነው። ከሁሉም በላይ የእኔ ነው፤ ሊፍቱን እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ቀጥሎ ራሰ በራነቴ መጣ፤ ፀሐይ ስትመታኝ ማዶ ባሕሬን ያለ መርከብ የወደብ መብራት ይመስለዋል አሉ። ሳቅኩ። ጉልበቴ መጣ። ሳቅኩ፣ ትንሽ ቀነስ አድርጌ። ፋርማሲስቷ ብቻዋን አንድ ሰደደች፤ አሥር ዓመት ሙሉ ባንዲት ቀልድ የኖረ፣ የሚስቅለት አጥቶ ሜዳ ላይ ቀረ። ፓኪስታኖቹ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። ፊቴ ላይ ያለው ሳቅ እየደረቀ ሲሄድ ይታወቀኛል፤ እንደ ሊጥ። ሁሉም የራሴ ነገር ነው፣ በራሴ አፍ ያልኩት። እኔ ስለው ሰው አቀፈኝ፤ እነሱ ሲሉት ድንጋይ ሆነ።

የገና አባት፣ እሱም ላይ ቤት ነው፣ ምንም አይሰማም። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ጩኸት ጆሮውን በልቶታል፤ ከጎኑ ካልቆምክ አይሰማህም። ሩሯን እያየ በአጭር በአጭር እርምጃ ይሮጣል፣ ሁሌም ከደረሱባት በኋላ ነው የሚደርስባት። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አስወጥቶ አያውቅም።

ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር ነርሱ ሩሯን ይዞ ወደ እኔ መጣ። እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ፊቴ ሲደርስ አልጮኸም፤ እንደ ሰላምታ ነው ያለው፦

ዘንድሮ ኹሩጅ ነው ይላል በየዓመቱ፣
ሻንጣውም ሸበተ እንደ ባለቤቱ።

አልጋዬ ሥር አንድ ሻንጣ አለች። ዘንድሮ ጠቅልዬ እገባለሁ እያልኩ ልብስ የከተትኩባት። ዚፑን የባሕሩ እርጥበት በልቶት አሁን አይከፈትም። ይሄንንም የነገርኩት እኔ ነኝ፣ በየልደቱና በየግብዣው፣ ሰው እስኪያነባ እያሳቅኩ። ቤቴ ስልክ ስደውል "ዘንድሮስ?" ማለት እንደተዉ ግን ለማንም አልተናገርኩም። እሱ ያን አያውቅም። አወቀም አላወቀም ደረሰበት።

ቧንቧውን መሬት ላይ ወረወርኩት። "አንተ መጀመሪያ ሂድና ፈተናህን እለፍ!" ብዬ ጮህኩ።

ብርቱካን የሚልጡት ፓኪስታኖች እንኳ እጃቸውን አቆሙ።

"አልፌያለሁ ጋሼ" አለ ነርሱ። "ሁለት ዓመቴ። ያን ቀን ካርዴ ደረቴ ላይ ነበር። ነርስ ነው የሚለው። አንተ አላነበብከውም፣ አልጠየቅከኝምም።"

ዱላውን አሸዋው ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎ ጺማሙ አስቀመጠ። ቀጥሎ ሌላው፣ ሌላው። የእኔ የታች ቤት ወጣቶችም አስቀመጡ። እኔ መሃል ቆሜ የወይራ ዱላ አሸዋ ላይ ሲወድቅ እሰማለሁ። የማስበው ስለ ሽማግሌው ነው፤ በእናቴ ምዬለት፣ አምጥቼለት፣ በአንድ አፍ በተንኩት።

ድንገት "ወጣች! ወላሂ ወጣች!" የሚል ጩኸት ከሜዳው ጫፍ መጣ።

የገና አባት ምንም አልሰማም ነበር። ሰው ሁሉ ሲቆም አይቶ፣ ሩሯ ብቻዋን ቆማ አይቶ፣ ይሄንን ዕድል አላህ ላከልኝ ብሎ በአጭር እርምጃው እየገፋ ሜዳውን ሙሉ አቋርጦ በታች ቤት ጫፍ አስወጥቷታል። ዱላውን ሽቅብ ይዞ ይዘላል። ጫማው አንዱ ወልቋል።

ሰው ቢሆን ዝም ይላል። እኔ ግን ታች ቤት ነኝ። "አትቆጠርም!" አልኩ። "ጨዋታው ቆሟል!"

"ማን አቆመው?" ነርሱ ነው። "ዱላ የጣልነው እኛ እንጂ እሱ አልጣለም።"

"ተጋጣሚ በሌለበት?"

"አንተ የት ሄደህ ነው? በር አይደለህ እንዴ!" አለ ጺማሙ።

"ወጥታለች!" ፋርማሲስቷ ሜዳው ውስጥ ገባች። "አንተ ሰውዬ ሐፍረት አልፈጠረብህም? የስድሳ ዓመት ሽማግሌ አንዴ ቢያስወጣ ልትሰርዝበት?"

ሁሉም ከበበኝ። አንዱ በአንዱ ላይ ይጮሃል፣ ሕግ ይጠቀሳል፣ የኮሌጅ ዘመን ግጥሚያ ይጠቀሳል፣ የፓኪስታኖቹ የክሪኬት ዳኛ ለምስክርነት ይጠራል። መሄዱን የረሱት ይመስለኛል። እኔን ትቶ የሚሄድ ማን ነው? ያልጮኸብኝ ሰው ቤቱ ገብቶ ይቆጨዋል። መጨረሻ ላይ ተሸነፍኩ፤ ተቆጠረች። የገና አባት ጫማውን አድርጎ መጣ። ያስወጣ ሰው የመስደብ መብት አለው፤ እሱ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አስወጥቶ ስለማያውቅ ሰድቦ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔን አየ፦

ሃያ ሁለት ብሎ ጠብ ጭኖ የመጣ፣
ወዳጄስ አንተ ነህ ጠላትስ የት ይምጣ!

ለካ እኔ ነኝ አይሰማም የምለው። ጆሮው ደክሟል እንጂ ዓይኑ ሁሉን አይቷል።

ከዚያ ዱላዎቹን አንስተው እስከ መግሪብ ተጫወቱ። አዛን ሲል ቆመ። የገና አባት ዱላዎቹን አንድ በአንድ አሸዋቸውን እያራገፈ ጆንያው ውስጥ ከተተ፣ አፉን በገመድ አሰረና ለነርሱ ሰጠው። "ወይራ ነው፤ ፀሐይ ላይ አትተወው፣ ይሰነጠቃል" ብቻ ነው ያለው።

ነርሱ መኪናው ኋላ ሲጭነው ሄጄ ቆምኩ።

"ያን ቀን ይቅርታ ልጠይቅ መጣሁ ብለህ አልጠየቅከኝም" አለኝ፣ ሳይዞር።

"ይቅርታ።"

"አሁን ሰማሁ" አለና የኋላውን ክዳን ዘጋው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም። እስከ ዛሬም አላለም። ሱፐርማርኬት ስንገናኝ ጋሪውን ወደ ሌላው መደርደሪያ ያዞራል።

በዓመቱ ግሩፑ ላይ መልእክት መጣ፣ ከነርሱ። ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ከሥሩ ደግሞ "ጋሼ ካልመጣ ጨዋታ የለም" ይላል። ደረቴ ነፋ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ፋርማሲስቷ ጻፈች፦ "ታዲያ ማንን ልንሰድብ ነው?" አርባ ሰው አውራ ጣት ላከ፤ አንድም ሰው መልሶ አላነሳውም።

ከሠላሳ በላይ ሰው መጣ። ለእኔ ያችው ቧንቧ ተቀምጣልኛለች። ሁለቴ ተቆጣሁ፤ ዱላ የጣለ የለም፣ እንዲያውም ስቆጣ ለማየት ነው የመጡት። ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ የገና አባት ከወሎ ደወለ። ሚስቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ስትለጥፍለት ይሰማኛል።

"ስንት ሰው መጣ?" ብሎ ጮኸ።

"ሠላሳ ሦስት!"

"ማንን ሰደቡ?"

"ማንን ይመስልሃል?"

ሳቁ መስመሩን አንጫጫው። "አንተስ፣ መቼ ነው የምትገባው?" አለኝ። ሜዳው ላይ ያሉት ሁሉ ጨዋታቸውን አቁመው መልሴን ይጠብቃሉ፤ ነርሱ ዱላውን ተደግፎ፣ ግጥሙን አዘጋጅቶ።

"ዘንድሮ" አልኩ።